የድራም ኮር ብራስ ጎበዝ መሆኑን በምን እናውቃለን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድራም ኮር ምንድን ነው?

የአሜሪካ ወጣቶች በየዓመቱ ከጁን መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ ድረስ ከተማ ለከተማ እየዞሩ የሚወዳደሩበት የማርሽ ሙዚቃ ነው። መድረኩ የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ነው። አንድ ትርኢት ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከበሮ መቺዎች አሉ፣ ባንዲራ የሚያሽከረክሩና የሚደንሱ አሉ፣ ብራስ ወይም የነሐስ ጥሩምባ የሚነፉ አሉ። ክላሪኔት የለም፣ ፍሉት የለም፣ ሳክስፎንም የለም። ፊታቸው ላይ ኖታ አይታይም፤ ሁሉም ነገር በቃል ነው፣ ያውም እየተራመዱና እየሮጡ።

ዋናውን ውድድር የሚያዘጋጀው ድራም ኮርስ ኢንተርናሽናል፣ በአጭሩ ዲሲአይ፣ የሚባል ድርጅት ነው። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 ዊስኮንሲን ውስጥ ዋይትዋተር በምትባል ከተማ ተካሄደ፣ አናሃይም ኪንግስሜን የሚባለው ቡድንም አሸነፈ። ከ2009 ወዲህ ፍጻሜው የሚደረገው ኢንዲያናፖሊስ በሚገኘው ሉካስ ኦይል ስታዲየም ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ብራስ ክፍሉ ውስጥ ምን ምን መሣሪያ አለ?

ትልልቆቹ ቡድኖች ከ70 እስከ 80 ገደማ ነፊዎች ያሰልፋሉ። ከላይ ትራምፔት አለ። መሃል ላይ ሜሎፎን፣ ከሱ ዝቅ ብሎ ባሪቶንና ዩፎኒየም፣ ከታች ደግሞ ቱባ። ቱባው ትከሻ ላይ ይጫናል፣ አፉም ወደ ተመልካቹ ይዞራል። ድሮ ሁሉም በጂ ቁልፍ (መነሻ ድምፅ) የተሠሩ ቢዩግሎች፣ ማለትም የወታደር ጥሩምባ ዓይነቶች፣ ነበሩ፤ ከ2000 ጀምሮ ግን ሕጉ ሌሎች ቁልፎችንም ስለፈቀደ ዛሬ የምትሰሙት በአብዛኛው የተለመደው የቢ ፍላት ትራምፔት ነው።

አንድ ምክር። ጆሯችሁን ሜሎፎን ላይ ጣሉ። መልኩ ወፈር ያለ ትራምፔት ይመስላል፣ ሥራው ግን የፍሬንች ሆርንን ቦታ መሸፈን ነው። ድምፁን ማስተካከል አስቸጋሪ ነው፣ በቀላሉ ይንሸራተታል። ሜሎፎኖቹ አንድ ሆነው ከተሰሙ ሌላውም በደንብ የሠለጠነ መሆኑን መገመት ይቻላል።

ነጥቡ እንዴት ነው የሚሰጠው?

ጠቅላላው ከ100 ነው። 40ው ለአጠቃላይ ስሜት፣ 30ው ለዕይታ፣ 30ው ለሙዚቃ። የሙዚቃው 30 ሦስት ዳኝነቶች አሉት፦ ብራስ፣ ከበሮ፣ እና ሁሉንም አንድ ላይ የሚመዝን የሙዚቃ ትንተና። እያንዳንዱ ከ20 ይታረማል፣ ከዚያ ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። ለምሳሌ ብራስ 19.4፣ ከበሮ 19.0፣ ትንተና 19.2 ካገኙ ድምሩ 57.6 ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 28.8። ስለዚህ ብራስ ብቻውን ከመቶው የሚይዘው 10 ነጥብ ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብራሱ ደካማ ሆኖ በትንተናውም በአጠቃላይ ስሜቱም ጥሩ ነጥብ ማግኘት የማይሆን ነገር ነው።

የብራስ ዳኛው 20ውን ለሁለት ይከፍለዋል። ግማሹ ለይዘት ነው፦ የተሰጣቸው ሙዚቃ ምን ይጠይቃል? ግማሹ ለአፈጻጸም፦ የተጠየቁትን ምን ያህል ሠሩት? ዳኛው ትርኢቱ እየሄደ አስተያየቱን በድምፅ ይቀዳል፣ አስተማሪዎቹም በኋላ ቁጭ ብለው ያዳምጡታል።

በሻምፒዮናው በብራስ አንደኛ የሚወጣው ቡድን የጂም ኦት ሽልማትን ይወስዳል። ጂም ኦት በ1980 በመኪና አደጋ የሞተ የብራስ አስተማሪና አቀናባሪ ነበር። ይህን ሽልማት የወሰደ ቡድን የግድ ሻምፒዮን ይሆናል ማለት አይደለም፣ አንዳንዴ ግን ሁለቱም ይገጥማሉ። ካሮላይና ክራውን በ2013 ሁለቱንም ወስዷል።

ጮክ ብሎ የሚነፋው ቡድን ይበልጣል ማለት ነው?

አይደለም። ይሄ ጥያቄ በብዛት የሚመጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም ገብቶ ካየ ሰው ነው፣ ስሜቱም ይገባኛል። 80 ነፊ ባንዴ ወደናንተ ዞሮ ሲለቀው ደረታችሁ ውስጥ ይገባል፣ ፀጉር ያቆማል። ሕዝቡ ብድግ ብሎ ይጮኻል። ይጩኽ፣ ደስ ይላል፤ ድራም ኮር የተሠራው ለዚያም ጭምር ነው።

ጮክ ማለት ግን ትንፋሽና ጉልበት ያለው ሁሉ የሚችለው ነገር ነው። ከባዱ ጮክ እያሉ ድምፁን አለመሰንጠቅ ነው። ነፊው ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ጠርዙ ይሻክራል፣ እንደ ቆርቆሮ መጮኽ ይጀምራል፣ ቅኝቱም ወደ ላይ ይሸሻል። ጎበዝ ክፍል ሲጮኽ ድምፁ ይሰፋል እንጂ አይሻክርም። ይህን ለመለየት ኃይለኛው ቦታ ላይ ትራምፔቱን ትታችሁ ቱባውንና ባሪቶኑን ፈልጉ። ከታች ያለው ድምፅ ወፍሮ ከተሰማ፣ ትራምፔቱም እላዩ ላይ ተቀምጦ ካልዋጠው፣ ሚዛኑ ተጠብቋል ማለት ነው። ፍራንሲስ ማክቤዝ የሚባለው አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ይህን በፒራሚድ አስረድቶታል፤ መሠረቱ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ። ብዙ የባንድ አስተማሪ ዛሬም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

የኔን እምነት ከጠየቃችሁኝ የብራስ ክፍል ችሎታ የሚታየው ቀስ ብሎ ሲጫወት ነው። በጣም ዝቅ ያለ፣ ረጅም የተያዘ ድምፅ፣ እግራቸው ወደ ኋላ እየተራመደ። እዚያ ላይ የሚደበቁበት የለም። ትንፋሹ ከተቆራረጠ ይሰማል። እርምጃው ድምፁን ካንቀጠቀጠው ይሰማል። አንዱ ዘግይቶ ከገባ ስታዲየሙ በሙሉ ይሰማዋል። ቀስ ባለው ክፍል ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ያወራሉ፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል፤ ምርጡ ሥራ እኮ ያለው እዚያ ነው።

ቅኝቱ የተስተካከለ መሆኑን ሙዚቃ ያልተማረ ሰው መለየት ይችላል?

ይችላል። ክራር ሲቃኝ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሁለቱ ክሮች ሊገጥሙ ሲሉ ድምፁ ዋ… ዋ… ዋ… እያለ ይመላለሳል። ይበልጥ ሲጠጋጉ መመላለሱ ይዘገያል፤ ሲገጥሙ ደግሞ ይጠፋና ድምፁ ይረጋል። ጥሩምባም እንደዚሁ ነው። አንዱ በሰከንድ 440 ጊዜ፣ ሌላው 442 ጊዜ ከተርገበገበ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ዋ ዋ ትሰማላችሁ። ስለዚህ ረጅም ድምፅ ሲይዙ ጠብቁ። ድምፁ ይረጋል ወይስ ይንቀጠቀጣል? ሙያ አይጠይቅም፣ ጆሮ መስጠት ነው።

ኮርድ፣ ማለትም የተለያዩ ድምፆች ባንድ ጊዜ ሲያዙ፣ ነገሩ ትንሽ ይጠልቃል። ሜጀር ኮርድ ሲያዝ መሃል ላይ ያለችው ሦስተኛዋ ድምፅ ፒያኖ ላይ ካለችው በ14 ሴንት ገደማ ዝቅ ስትል ነው ኮርዱ የሚረጋው። ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው። ይህ ማለት ማስተካከያ መሣሪያው አረንጓዴ አሳየ ብሎ ዝም ማለት አይበቃም፤ ነፊው በዚያች ሰከንድ የያዘው የኮርዱን የትኛውን ድምፅ እንደሆነ አውቆ በከንፈሩና በትንፋሹ ማስተካከል አለበት። ቀጣዩ ኮርድ ሲመጣ ያው ሰው ሌላ ሥራ አለው። ይህን እየሮጠ፣ ያውም በ20 ዓመቱ የሚሠራን ልጅ እኔ አከብረዋለሁ። ኮርዱ በትክክል ሲገጥም ማንም ያልነፋው ድምፅ ከላይ ሲደወል ትሰማላችሁ፣ ያንን አንዴ ከሰማችሁ ሁልጊዜ ትፈልጉታላችሁ።

የአየር ጠባይም አለ። ሙቀት ሲጨምር የብራስ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። ሜዳው ፊት ለፊት የተደረደሩት ማሪምባ (በዱላ የሚመታ የእንጨት መሣሪያ) እና ሲንተሳይዘር ግን አብረውት አይወጡም። ስለዚህ ቴክሳስ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ የተለማመደ ቡድን ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ወይም ጣራው የተዘጋ ስታዲየም ሲገባ፣ እንደገና መቃኘት አለበት። የተዋጣለት ክፍል በየቦታው ለውጡን ይከተላል።

አንድ ላይ መጫወት ለምን ይሄን ያህል ከባድ ሆነ? መሪ አላቸው አይደል?

መሪ አላቸው፣ ችግሩ ሜዳው ነው። ሜዳው ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 91 ሜትር ገደማ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ከአንዱ ጫፍ የተነፋው ሌላው ጫፍ ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ያልፈዋል። ሩብ ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ሙዚቃው በደቂቃ 180 ምት የሚሄድ ከሆነ አንዱ ምት የሰከንድ ሲሶ ያህል ነው። ማለትም በቀኝ ጫፍ ያለው ነፊ በግራ ጫፍ ያለውን ሰምቶ ልከተል ካለ አንድ ምት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ሁሉ ነገር ይበታተናል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ከበሮዎቹ ብዙውን ጊዜ መሃል ከኋላ ይቆማሉ። መሪው ዓይኑን የሚጥለው እነሱ እግር ላይ ነው። ፊት ያለው ነፊ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ ሰምቶ እሱ ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ የሁለቱም ድምፅ ወደ ተመልካቹ እኩል ይጓዛል። ጎን ላይ የተበተኑት ደግሞ ጆሯቸውን ዘግተው መሪውን በዓይን ይከተላሉ፣ ብርሃን አይዘገይምና። የትኛው ቦታ ላይ መስማት፣ የትኛው ቦታ ላይ ማየት እንዳለበት እያንዳንዱ ነፊ በቃሉ ያውቀዋል። ይህ ሁሉ ከሜዳው በማይታይ መንገድ ነው የሚሠራው፣ ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው ሳያደንቀው የሚያልፈው።

እንግዲህ እናንተ ምን ትፈልጋላችሁ? ፈጣን ቦታ ላይ ድምፆቹ ጠርዝ አላቸው ወይስ ተጨፍልቀዋል? ምላስ በእጥፍ እየተመታ የሚሄድ ፈጣን ሐረግ እንደ ጥራጥሬ ተለይቶ ከተሰማ ድንቅ ነው። ሌላው የድምፁ መጨረሻ ነው። ሁሉም ሰው አጀማመሩን ይሰማል፤ አጨራረሱን ግን ጥቂት ሰው ነው ልብ የሚለው። ኮርዱ ሲቆም 80ው ባንድ ላይ ከቆመ፣ ስታዲየሙ ውስጥ የሚቀረው የራሱ የኮርዱ ማሚቶ ብቻ ከሆነ፣ ያ ክፍል ሰዓታትን ለዚያች ቅጽበት አጥፍቷል።

ቀላል ሙዚቃ ንጹህ አድርጎ የተጫወተና ከባድ ሙዚቃ ትንሽ ያበላሸ፣ ማን ይበልጣል?

ይዘትና አፈጻጸም ለየብቻ የሚታዩት ለዚሁ ነው። ግን ሁለቱ ይነካካሉ። የማይችሉትን ሙዚቃ የተሸከሙ ልጆች በይዘቱም ሙሉ ነጥብ አያገኙም፤ ያልተሠራ ይዘት ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። በተቃራኒው ረጅም ድምፅ እየያዙ ቆመው ያለቀላቸው ደግሞ ንጹህ ቢሆኑም ጣሪያቸው ዝቅ ይላል።

ከባድ ሲባል ፈጣን ማለት ብቻ አይደለም። ስንት ደቂቃ ሳያርፉ ነፉ? ከፍተኛው ድምፅ የመጣው ገና ትኩስ ሳሉ ነው ወይስ ከንፈር በዛለበት በስተመጨረሻ? እየነፉ ነው የሮጡት ወይስ ሮጠው ቆመው ነፉ? ይሄ የመጨረሻው ትልቅ ነው። አንዳንድ ቡድን ሲሮጥ አይነፋም፣ ሲነፋ አይሮጥም። ብልጠት ነው፣ ነጥብ ግን ያስቀንሳል።

እያንዳንዱ ስህተት ይቆጠራል?

ድሮ ይቆጠር ነበር። እስከ 1983 ዳኛው ሜዳ ውስጥ እየዞረ ለእያንዳንዱ ስህተት የነጥብ አንድ አሥረኛ ይቀንስ ነበር። ከ1984 ጀምሮ ይህ ቀረ። መቅረቱ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ስህተት ብቻ የሚቆጠርበት ውድድር ማንም ሰው ደፈር ያለ ነገር እንዳይሞክር ያደርጋል። አሁን አንድ ትራምፔት አንዴ ቢሰነጠቅ ዳኛው ይሰማዋል፣ በቀረጻውም ይናገረዋል፣ ግን በሱ ብቻ ቡድኑን አይጥለውም። ዋናው ጥያቄ አንድ ሰው ነው የሳተው ወይስ ክፍሉ ሁሉ የማያውቀው ነገር አለ የሚለው ነው።

ማይክና ሲንተሳይዘር ካለ ችሎታቸውን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

አሁን ሶሎ የሚነፋ ሰው ማይክ ፊት ይቆማል። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተፈቅዷል፣ ስለዚህ የቱባው መስመር ብዙ ጊዜ በሲንተሳይዘር ቤዝ ይደገፋል። ድምፁ ይወፍራል፣ ሰዉም ይወደዋል፣ የማን ጉልበት እንደሆነ ግን ይጠፋል። እኔ ሲበዛ አልወድም። የምሰጣችሁ ዘዴ ይሄ ነው፦ ቤዙ የሚመጣው ፊት ለፊት ከቆመው ስፒከር ነው ወይስ ከሜዳው ውስጥ? ቱባዎቹ ሜዳውን ሲያቋርጡ ድምፁ አብሯቸው ከሄደ እነሱ ናቸው። እነሱ ሄደው ድምፁ እዚያው ከቀረ ስፒከሩ ነው። ኤሌክትሮኒኩ ሙሉ በሙሉ ዝም የሚልባቸው ቦታዎችም አሉ፤ እነዚያን ጠብቁ።

የት ልቀመጥ?

መሃል፣ ከፍ ብላችሁ። ከሃምሳ ያርድ መስመር ፊት ለፊት ቢሆን ይመረጣል። ጎን ከተቀመጣችሁ የቅርቡ ቀድሞ፣ የሩቁ ዘግይቶ ስለሚደርሳችሁ በሚገባ አብረው የሚጫወቱትንም የተበታተኑ አድርጋችሁ ትሰማላችሁ። እነሱን አትውቀሱ፣ ወንበሩ ነው።

ከስታዲየሙ በፊት ግን ፓርኪንጉ አለ። ቡድኖቹ ከመግባታቸው በፊት እዚያ ያሟሙቃሉ፣ ተመልካችም ቆሞ መስማት ይችላል። ብራሱ ግማሽ ክብ ሠርቶ ይቆማል። መጀመሪያ ትንፋሽ ይሠራሉ፣ ድምፅ የለም፣ አየር ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ረጅም ድምፅ ይይዛሉ። ከዚያ ጥሩምባውን አውርደው ኮርዱን በአፋቸው ያዜሙታል፤ መልሰው ሲነፉት ያው ኮርድ ነው። በዜማ የገጠመ ክፍል በጥሩምባም ይገጥማል።

እዚያ ስትቆሙ ከክቡ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው በቀስታ ሂዱ። በእያንዳንዱ ሰው ፊት ስታልፉ የዚያ ሰው ድምፅ ብቻውን ተለይቶ ይወጣል? ደካማ ክፍል ውስጥ ሦስት ጎበዝ ልጆች ሌላውን ተሸክመው ሲሄዱ ይሰማችኋል። ጠንካራው ውስጥ ግን ከየትኛው ጥሩምባ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ አምስተኛው ትራምፔትም እንደ መጀመሪያው ነው። ትከሻቸውንም እዩ። አየር ሲስቡ ትከሻ ከተነሳ ትንፋሹ ከላይ ደረት ላይ ቀርቷል፣ ሆድ ድረስ አልገባም።

አንዱ ቡድን ጠቆር ያለ ድምፅ አለው፣ ሌላው ደማቅ። የትኛው ትክክል ነው?

ሁለቱም። የሮክፎርድ ኢሊኖዩ ፋንተም ሬጂመንት ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በኦርኬስትራ በሚመስል ወፍራም ድምፅ ነው። ማዲሰን ስካውትስ ደግሞ ከፍ ብሎ በሚጮኽ ትራምፔት ስም ያወጣ ነው። የኮንኮርድ ካሊፎርኒያ ብሉ ዴቭልስ ከጃዝ ጋር የቆየ ፍቅር አለው። ጥሩ ዳኛ የሚጠይቀው የመረጡትን ቀለም ሁሉም ነፊዎች ይዘውታል ወይ፣ ሙዚቃውስ ሌላ ቀለም ሲጠይቅ መለወጥ ይችላሉ ወይ ነው። ሙሉ ትርኢቱን በአንድ ዓይነት ድምፅ የጨረሰ ክፍል፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ጆሮዬ ከዳኛው ጋር ካልተስማማስ?

ምንም አይደል። ዳኞችም እርስ በርስ አይስማሙም፣ ለዚህም በሻምፒዮና ላይ ቁጥራቸው ይጨመርና አማካይ ይወሰዳል። ልዩነቶቹ በጣም ጠባብ ናቸው። በ2008 ፋንተም ሬጂመንት ያሸነፈው 98.125 ለ98.100 ነው። ሁለተኛ የወጣው ብሉ ዴቭልስ ነበር። በዚህ ልዩነት እከሌ ጎበዝ፣ እከሌ ሰነፍ ማለት አይቻልም። ደግሞም ዳኛው የሚሰጠው ቁጥር በዚያ ምሽት ከቀረቡት ሌሎች ጋር አወዳድሮ ነው፤ ስለዚህ የጁንን ነጥብ ከኦገስት ጋር አታነጻጽሩ።

ከእኛ ማርሽ ባንድ ጋር ይመሳሰላል?

መነሻቸው ይመሳሰላል። የአሜሪካው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ካቋቋሟቸው የጥሩምባና የከበሮ ጓዶች የመጣ ነው። የእኛም ከቤተ መንግሥትና ከጦር ነው፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40ዎቹ የአርመን ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ጥሩምባ ነፉ፣ ከዚያም ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ምድር ጦር የየራሳቸውን አደራጁ። ልዩነቱ የእኛዎቹ ለክብርና ለበዓል የሚሰለፉ መሆናቸው ነው፣ የዚያኛው ዓላማ ውድድር ነው።

ጆሯችን ግን ይጠቅመናል። ያደግንበት ሙዚቃ በአብዛኛው አንድ ዜማ ሁሉም አብሮ የሚይዘው ነው። ድራም ኮር ውስጥም በጣም ከባዱ ፈተና አንዱን መስመር ሁሉም ባንድ ድምፅ ሲጫወተው ነው፤ ኮርድ የሚሸፍነው ነገር እዚያ ላይ የለም። ትዝታንና አምባሰልን ሲሰማ ያደገ ሰው እዚያ ቦታ ላይ የሚሸሸውን ድምፅ ቶሎ ይይዛል። የሚለመደው ከበታች ያለውን ሃርመኒ መከተል ነው።

ልጄ መሞከር ይፈልጋል። ምን ይመዝኑታል?

ዕድሜው እስከ 21 ነው። ክፍያው በሺዎች ዶላር ነው፣ ስለዚህ የነፃ ዕድል መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ቡድኖች መጀመሪያ ቪዲዮ ይቀበላሉ፣ ከዚያ በአሜሪካ መኸርና ክረምት (በብርዱ ወራት) ቅዳሜና እሁድ ካምፕ ይጠራሉ። አስቀድመው የሚልኩት መልመጃ አለ፤ በቃል ይያዘው። በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ)፣ ባለበት እየረገጠ ይለማመድ፤ ቁጭ ብሎ ብቻ የተለማመደ ልጅ እግሩ ሲጀምር ድምፁ ይናጋል።

ትልልቅ ድምፅ ለማውጣት እንዳይታገል ንገሩት። የሚፈለገው ዝቅ ባለ ድምፅም የማይንቀጠቀጥ፣ ንጹህ ቃና ነው። ካምፕ ላይ አስተማሪው አንድ ነገር አርሞ ድገመው ይለዋል። ብዙ ልጅ በድንጋጤ መጀመሪያ የተጫወተውን መልሶ ይጫወታል። የተባለውን ሰምቶ በሁለተኛው ላይ ትንሽም ቢሆን የለወጠ ልጅ ስሙ ምልክት ይደረግበታል።